ስለ ሕፃናት ሳልና አክታ ስለሚያስወጣው ሽሮፕ

በሌሊት ጸጥታ መካከል ልጁ ሲያስል የሚሰማ ወላጅ፣ ሳሉ በተደጋገመ ቁጥር የገዛ ደረቱ የሚሰነጠቅ ስለሚመስለው፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ መድኃኒት ቤት ገሥግሦ ያንን ድምፅ ዝም የሚያሰኝለትን ነገር ቢሻ ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ ርኅራኄው እውነተኛ ነውና። ነገር ግን ከመደርደሪያው ወርዶ በእጁ የሚገባው ጣፋጭ ሽሮፕ፣ ይልቁንም አክታ ያቀጥናል፣ ከደረትም ጠራርጎ ያወጣል እየተባለ የሚሸጠው፣ ለሕፃን የሚሰጠው ረድኤት እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ፣ መጠኑና ምንጩ በውል ካልታወቀም ከሳሉ የከፋ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል የተረዳው ሰው ብዙ አይደለም። እኔም ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ወላጆች የሳሉን ድምፅ መከተላቸውን ትተው የልጁን እስትንፋስ መመልከት እንዲለምዱ፣ ጠርሙሱን ሲያነሡም በጥንቃቄ እንዲያነሡት በብርቱ ስለምመኝ ነው።

የመተንፈሻ ቧንቧዎቻችን ውስጣቸው በቀጭን ልጋግ የተለበጠ ሲሆን፣ ከልጋጉ ሥር በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ እነርሱም ሌት ተቀን ሳያርፉ አቧራውን፣ ጭሱንና ተሐዋስያኑን ወደ ላይ እየጠረጉ እስከ ጉሮሮ ያደርሳሉ። ጉንፋን በያዘን ጊዜ ልጋጉ ይበዛል፣ ይወፍራል፣ ፀጉሮቹም ይደክማሉ፤ ያን ጊዜ ሰውነት በተፈጥሮ ባሕርዩ ሳልን አስነሥቶ የተጠራቀመውን በኃይል ይገፋዋል። እንግዲህ ሳል የደዌው ምልክት እንጂ ራሱ ደዌው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም ጠላት ሳይሆን አገልጋይ ነው። ጤነኛ የሆነ ትንሽ ልጅ እንኳ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል፤ ትኩሳቱና ንፍጡ ከለቀቁት በኋላም ሳሉ እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊዘገይ ይችላልና፣ በአምስተኛው ቀን «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሌላ ጠርሙስ መጨመር ተፈጥሮ የምትሻውን ጊዜ መንሣት ነው።

አክታን ያስወጣሉ ከሚባሉት መድኃኒቶች ይበልጥ የታወቀው ጓይፌኔሲን ነው፤ ብሮምሄክሲንና አምብሮክሶል የሚባሉትም የአክታውን ውፍረት ይቀንሱ ዘንድ የሚሰጡ የዚያው ወገን ናቸው። አሳቡ መልካም ነው፤ ልጋጉ ከቀጠነ በሳል መውጣቱ ይቀልለታልና። ሆኖም ጠቢባን መድኃኒቶቹን በሕፃናት ላይ መርምረው ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሊያገኙ አልቻሉም። ከዚህም በላይ የሕፃን ተፈጥሮ ከአዋቂው ይለያል፤ ሕፃን አክታውን መትፋት አያውቅም፣ የሚውጠው ነው፤ ቧንቧዎቹ እጅግ ጠባብ፣ የደረቱ ጡንቻም ደካማ ስለ ሆነ፣ ልጋጉ በድንገት ቀጥኖ ቢበዛበት በሳል አስወግዶ ሊጨርሰው አይችልምና፣ ለማቃለል የተሰጠው ነገር ትንፋሹን ሊያከብድበት ይችላል። የፈረንሳይ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ካርቦሲስቴይንና አሴቲልሲስቴይን የሚባሉትን አክታ አቅጣኞች ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌሎችም አገሮች ቀደም ብለው ወደዚሁ አሳብ ደርሰዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 አምራቾቹ ለጨቅላ ሕፃናት የተዘጋጁትን የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች ራሳቸው ከገበያ አነሡ፤ በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን እንዳይሰጡ አስጠነቀቀ፣ አምራቾቹም በጠርሙሱ ላይ «ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም» ብለው ጻፉ። በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ወሰኑ ወደ 6 ዓመት ከፍ አለ፤ ጓይፌኔሲንም ከተከለከሉት መካከል በስሙ ተጠርቷል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ልጅ በዚያ አገር በባለሙያ ምክር ሊወስደው ይችላል፤ የተለመደው መጠንም በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ግራም፣ በቀን ከአራት ጊዜ የማይበልጥ ነው። እኔ በበኩሌ የብሪታንያውን ወሰን እመርጣለሁ፤ ጥቅሙ ባልተረጋገጠ ነገር ትንሹን ሕፃን ለአደጋ ማጋለጥ ከጥበብ አይቆጠርምና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና የመድኃኒቶች መደባለቅ ነው። አክታ የሚያስወጣ መድኃኒት ሳልን ሊረዳ ይሻል፤ ሳልን የሚያፍን መድኃኒት ሳልን ሊያስቀር ይሻል፤ ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ አዋሕዶ ለሕፃን መስጠት የተላቀቀውን አክታ መውጫውን ዘግቶ ደረቱ ውስጥ ማስቀረት ነው። እንዲያውም ከሳል አፋኞቹ መካከል ኮዴይን የሚባለው የሕፃንን እስትንፋስ እስከ ማቆም ሊያደርስ የሚችል በመሆኑ በአውሮፓ ከ12 ዓመት በታች ላሉት፣ በአሜሪካም ከ18 ዓመት በታች ላሉት ሁሉ ለሳል እንዳይሰጥ ተከልክሏል። እንቅልፍ የሚያመጣው ፕሮሜታዚንም ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ሕፃኑ ዝም ብሎ ስለ ተኛ ዳነ ማለት አይደለምና። አንዳንዱ የጉንፋን ሽሮፕ ፓራሲታሞልም አለበት፤ እናት ይህን ሳታውቅ ለትኩሳቱ ሌላ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ብትጨምር ልጁ እጥፍ ይወስዳል፣ የሚጎዳውም ጉበቱ ነው። ስለዚህ በጠርሙሱ ፊት በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ሳይሆን፣ በጎኑ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ማንበብ፣ ማንበብ የማይችልም ቢሆን ባለሙያውን «በውስጡ ምን ምን አለበት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጠን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው፤ ጉዳቱ ክፋት በሌለበት፣ በፍቅር በተሞላ እጅ የሚደርስ ነውና። በአንድ የአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊት ቀድመውኝ መስኮቱ አጠገብ ደርሰው ነበር።

«ልጄ፣ ያቺን ቀይዋን የሳል ሽሮፕ ስጪኝ» አሏት ባለሙያዋን።

«ለማን ነው፣ እማማ?»

«ለልጅ ልጄ ነው እንጂ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አደረ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ለጥምቀት ሁለት ይሞላዋል።»

«ከዚህ በፊት ሰጥተውታል? በምን ይለኩለታል?»

«በማንኪያ ነዋ።»

«በሻይ ማንኪያ ነው በሾርባ ማንኪያ?»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና «እጄ ላይ በገባው» አሉ።

ባለሙያዋ አልሣቀችም፣ አልተቆጣችምም። ከመሳቢያዋ መርፌ የሌለው የፕላስቲክ ሲሪንጅ አወጣችና እስከ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ስባ በሾርባ ማንኪያ ላይ አፈሰሰችው፤ ማንኪያው ገና ሢሶው ነበር የተሞላው። «አዩ፣ እማማ፤ የሚለካው ይህችን ታህል ነው፤ በዚህ ሞልተው ከሰጡት ሦስት እጥፍ ሰጡት ማለት ነው» አለቻቸው፤ ቀጥላም ለዚህ ዕድሜ ሽሮፑ እንደማይሰጥ አስረድታ፣ አተነፋፈሱን እንዴት እንደሚመለከቱ ነግራ ባዶ እጃቸውን ግን በምክር ሞልታ ሸኘቻቸው። ሽያጯን ትታ እውነቱን የተናገረች ያቺ ወጣት ምስጋና ይገባታል።

የሻይ ማንኪያ በመጽሐፍ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው ይባላል፤ በየቤታችን ያለው ማንኪያ ግን አንዱ ጎድጓዳ አንዱ ዝርግ ስለ ሆነ እንደ መለኪያ ሊታመን አይችልም። የሚታመነው ከጠርሙሱ ጋር የመጣው መለኪያ ክዳን ወይም ሲሪንጁ ነው፤ ሕዝቡ ሲሲ እያለ የሚጠራውም ያው ሚሊ ሊትር ነው። ሁለተኛው የሚረሳ ነገር የመድኃኒቱ ብርታት ነው፤ በአንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ጓይፌኔሲን ሲኖር፣ በሌላው በዚያው 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 200 ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ በተለወጠ ጊዜ የትናንቱን ልኬት በቃል ይዞ መስጠት አይገባም። ሐኪም ያዘዘለት ልጅ ሲወስድ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ሲሪንጁ በምላሱ ላይ ሳይሆን በጉንጩ በኩል ገብቶ ቀስ ተብሎ ይገፋ፤ አፍንጫውን ይዘው እያስለቀሱ ማጠጣት መድኃኒቱን ወደ ሳንባው ሊሰድደው ይችላልና ፈጽሞ መተው ያለበት ልማድ ነው። ቤተሰቡ ብዙ በሆነበት ቤት አያት በጧት፣ አክስት በቀትር፣ እናት በማታ እየሰጡ ልጁ ሳይታወቅ ደጋግሞ እንዳይወስድ፣ የተሰጠበትን ሰዓት በወረቀት መጻፍ ይጠቅማል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የዘመናችን ነገር አለ። ከአሜሪካም ሆነ ከዐረብ አገር የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ከሚይዛቸው ስጦታዎች መካከል የልጆች ሽሮፕ አይጠፋም፤ «የውጭ ነው» ተብሎም ከአገሩ መድኃኒት ይልቅ ይታመናል። ጽሕፈቱ ግን እንግሊዝኛ ወይም ዐረብኛ ነው፤ የቤቱም ሰው ምንነቱን፣ ብርታቱንና የተወሰነለትን ዕድሜ ሳያውቅ ከጎረቤት ጎረቤት ሲዘዋወር፣ የአሥር ዓመቱ ልጅ መድኃኒት በስምንት ወሩ ጨቅላ አፍ ይገባል። የዘመድ ፍቅር ይከበር፤ ጠርሙሱ ግን ከመከፈቱ በፊት ለመድኃኒት ባለሙያ ይታይ።

አሁን የሽሮፑን ምንጭ ወደሚመለከተው አሳዛኝ ታሪክ እንምጣ። ሽሮፕ የሚዘጋጀው መድኃኒቱን በጣፋጭና ወፍራም ፈሳሽ፣ ይኸውም በግሊሰሪን ወይም በፕሮፒሊን ግላይኮል በማሟሟት ነው። ዳይኤትሊን ግላይኮል የሚባል ለመኪናና ለፋብሪካ ሥራ የሚውል ሌላ ፈሳሽ አለ፤ እርሱም እንደ እነርሱ ጥርት ያለ፣ እንደ እነርሱ ጣፋጭ፣ ዋጋው ግን ርካሽ የሆነ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በዚህ ፈሳሽ አሟሙቶ፣ መርዝነቱንም ሳይመረምር ቢሸጠው ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት አዲስ መድኃኒት ሁሉ ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲመረመር በ1938 ሕግ ያወጣው ከዚያ ኀዘን በኋላ ነው።

ትምህርቱ ግን በዓለም ሁሉ አልተጠበቀም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ስለ ሞቱ ሕፃናት ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ከሕንድ አገር በመጡ አራት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ዳይኤትሊን ግላይኮልና ወንድሙ ኤትሊን ግላይኮል ተገኝተው ነበር፤ የሞቱትም ወደ 70 የሚጠጉ ነበሩ። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዢያ ወደ 200 የሚደርሱ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራውን አቁሞ አለፉ፤ በኡዝቤኪስታንም እንደዚሁ ሆነ። በ2023 በማርሻል ደሴቶችና በማይክሮኔዢያ መርዙ የተገኘበት ሽሮፕ ራሱ የጓይፌኔሲን ሽሮፕ ነበር። በ2025ም በሕንድ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ከ20 የማያንሱ ሕፃናት በሳል ሽሮፕ ምክንያት ሞተዋል። እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የታመሙት ያለ መድኃኒት በሳምንት በሚለቅ ጉንፋን እንደ ነበር ሳስብ ልቤ ይደማል።

ወላጅ መርዙን በዓይኑ ሊለየው፣ በምላሱም ሊያውቀው አይችልም፤ ይህ የመንግሥት ላቦራቶሪ ሥራ ነው። ከወላጅ የሚጠበቀው ግን ሦስት ነገር ነው፤ ሽሮፕን ከሱቅና ከመንገድ ዳር ሳይሆን ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት መግዛት፣ የአምራቹ ስም፣ የመለያ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን በግልጥ ያልተጻፈበትን አለመቀበል፣ ጠርሙሱንም ልጁ እስኪድን ድረስ አለመጣል። ሽሮፕ ከወሰደ በኋላ የሚያስታውክ፣ ሆዱን የሚያመው፣ ከሁሉም ይልቅ ሽንቱ የቀነሰ ወይም የቆመ ሕፃን ከነጠርሙሱ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

እንግዲህ ሽሮፑን ከተውነው በምን እናስታምመው? ዓመት ለሞላው ልጅ ማር አለለት፤ ከመኝታ በፊት ግማሽ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ማር የሌሊት ሳልን እንደሚያቀልል በምርምር የታየ ነው። ዓመት ላልሞላው ግን ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ጡንቻን የሚያሽመደምድ ደዌ የሚያመጣ ዘር በማር ውስጥ ሊኖር ይችላልና። ለጨቅላው የሚበጀው የእናቱ ጡት ነው፤ ደጋግሞ ይጥባ፣ አፍንጫው ተደፍኖ መጥባት ቢያቅተው በንጹሕ የጨው ውሃ ጠብታ ይለስልስለት። ከፍ ላለው ልጅ ለብ ያለ ሻይና ሾርባ መልካም ነው። ጤና አዳምና ዳማከሴ አባቶቻችን የተጠቀሙባቸው ቅጠሎች ቢሆኑም፣ ጭማቂያቸውን መጠኑ ሳይታወቅ ለጨቅላ ማጠጣት ግን ያሠጋል። የማገዶው፣ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ከሚያስል ሕፃን ይራቅ፤ ቡናውም በረንዳ ላይ ይፈላ።

ሁለት ልማዶች ግን በምንም ምክንያት አይደገፉም። አንደኛው «እንጥሉ ወርዶ ነው» እያሉ የሕፃኑን እንጥል ማስቆረጥ ነው፤ ከዚህ የሚገኘው ደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝ፣ አንዳንዴም ሞት እንጂ የሳል ፈውስ አይደለም። ሁለተኛው ጨቅላን ቅቤ ማዋጥ ነው፤ ቅባቱ ወደ ሳንባው ሾልኮ ሲገባ ራሱ የሳንባ ብግነት ያስነሣል።

ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ሳሉ የቱንም ያህል ቢጮኽ ልጁ የሚጫወት፣ የሚጠባና በዝግታ የሚተነፍስ ከሆነ ብዙም አያስፈራም፤ ሳሉ ዝግ ብሎ እስትንፋሱ የፈጠነ ሕፃን ግን የሳንባ ምች ይዞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እናት ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ፣ ልብሱን እስከ ደረቱ ገልጣ፣ የስልኳን ወይም የግድግዳውን ሰዓት ፊት ለፊት አድርጋ፣ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያለች ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቁጠር። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማጠፍ አይበቃም፤ የሕፃን እስትንፋስ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ይዘገያልና። ሁለት ወር ያልሞላው 60 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ እስትንፋሱ ፈጥኗል። ቆጥራ ስታበቃም ዓይኗን ከደረቱ አታንሣ፤ አየር ሲስብ ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ሳንባው ተጨንቋል ማለት ነው።

እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ልጅ የሚያስፈልገው ሽሮፕ ሳይሆን ሐኪም ነው። በአገራችን ገጠር ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች የሳንባ ምችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በቀበሌው ጤና ኬላ እንዲያክሙ ሠልጥነዋል፤ በውሃ የሚሟሟው የአሞክሲሲሊን ክኒንም በጊዜ ከተጀመረ ብዙዎችን ያድናል። ሁለት ወር ያልሞላው እስትንፋሱ ከፈጠነ፣ ወይም ማንኛውም ሕፃን መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘና ለመንቃት ካስቸገረ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም በዝምታ ተቀምጦ እንኳ አየር ሲስብ ጉሮሮው የሚጮኽ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሽሮፕ የማይደርስባቸው ሌሎች ሳሎችም አሉ። ደኅና ሲጫወት የነበረ ልጅ በድንገት አንቆት ማሳል ከጀመረ፣ ይልቁንም ቆሎ ወይም ለውዝ ሲበላ ከነበረ፣ ፍሬው ወደ ቧንቧው ገብቶ ሊሆን ይችላልና፣ ሳሉ ኋላ ቢቀንስለትም እንኳ መመርመር አለበት። ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ተከታትሎ እያሳለ በመጨረሻ እንደ መጮኽ አድርጎ አየር የሚስብና የሚያስታውክ ትክትክ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት በሚሰጠው ክትባት የሚከላከሉት ደዌ ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ክብደቱም የማይጨምር ወይም የሚቀንስ ልጅ፣ በቤቱም ለረጅም ጊዜ የሚያስል አዋቂ ካለ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር፤ አዋቂውም አብሮት ይሂድ፣ ሕፃናት ይህን በሽታ ብዙ ጊዜ የሚይዙት አብሯቸው ከሚኖር ሰው ነውና።